ሰባት ነን፣ ሰባት ናቸው

የሟቹ ልጅ በስድስት ሰዓት ትደርሳለች ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ይህን እንደሰማ ሦስት ሰዎችን ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሰብስቦ በሩን ዘጋ። በሩ የሽቦ ወንፊት ስለሆነ ተዘጋም አልተዘጋም ድምፅ አያስቀርም፤ ሰውየው ግን ጭንቅ ሲይዘው በር መዝጋት ይወዳል። የተሰበሰቡት አስጎብኚው፣ ሞተር ጀልባ የሚነዳው የአስጎብኚው ታናሽ ወንድም ሞተረኛውና ምግብ አብሳይዋ ነበሩ።

«አንዴ እኔ እለዋለሁ፤ ከዚያ እናንተ ትደግሙታላችሁ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እንግዳው በገዛ ፈቃዱ ከማማው ወረደ። እንስሶቹን ተከትሎ ሄደ። መንገድ ሳተ። ዝናብ መታው። በማግስቱ ዛፍ ሥር ሞቶ ተገኘ። አለቀ።»

«ዛፍ ሥር» አለች ምግብ አብሳይዋ።

«ዛፍ ሥር፣ እትዬ።»

«ደረቱ ላይ ያለው የቀበቶ ሰንበርስ? እኔ ነኝ እኮ አጥቤ የጠቀለልኩት።»

«የምን ሰንበር? ለልጂቱ ጤና ጣቢያ ያሳዩዋት ፊቱን ብቻ ነው። ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ። የሞተ ተጎዳ፤ እኛም ተጨምረን ብንጎዳ እሱን አያስነሳውም።»

ምግብ አብሳይዋ ሻሿን ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረች። ይህን የምታደርገው ሰው ልትሰድብ ስትል ነው፤ በዚያን ቀን ግን አልተሳደበችም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ወደ ማድ ቤቷ ገባች።

አስጎብኚው ቃል አልተነፈሰም። ከንፈሩና የግራ ዓይኑ ቆብ ገና እንዳበጡ ስለነበሩ ሌሎቹ ዝምታውን ለእብጠቱ ሰጡለት። እሱ ግን ቆርጦ ነበር፤ ልጂቱ ስትመጣ እውነቱን ይነግራታል። ያ ሰው የተባለውን አድርጎ ሞተ። ሞቶም «የተባለውን እምቢ ያለ ሰው ነው» ሊባልበት ነው። በሕይወት ሳለ የወሰዱበት አልበቃ ብሎ ከሞተ በኋላ ስሙን መውሰድ! አስጎብኚው ብዙ ነገር ይችላል፤ ይህን ግን አልቻለም።

ማለዳ ላይ ጀልባዎቹ ከታሰሩበት መሰላል ዘንድ ለወንድሙ ነግሮታል። ወንድሙ የሞተሩን ማቀጣጠያ እየወለወለ ነበር። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ከሥራ ከተባረረ መጠጊያ እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ። ታላቅየው ልመና ወይ ቁጣ ጠብቆ ነበር።

«ንገራት ጋሼ» አለ ታናሽየው። «እንቅልፍ አጥቻለሁ። ዓይኔን ስጨፍን እቆጥራለሁ። ንገራትና ትስደበኝ፤ ልረፍ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ማረፊያው ያለው ጥቅጥቅ ባለ ደን መሃል፣ እንደ ማጭድ በታጠፈ ሐይቅ ዳር ነው። በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ዘጠኝ ጎጆዎች አሉት። ካልሲ በሦስት ቀን የማይደርቅበት፣ ሳሙና በአይጥ የሚሸራረፍበት፣ መጽሐፍ ሻጋታ የሚያወጣበት ቦታ ነው፤ ሆኖም ሰው ከሩቅ አገር ተነሥቶ ይመጣል። የሚመጣው የውሃ ውሾቹን ለማየት ነው። የውሃ ውሻ የሚሏቸው ሰውነታቸው የረዘመ፣ ፀጉራቸው የሚያብረቀርቅ፣ አሣ እየበሉ በቤተሰብ የሚኖሩ አውሬዎች ናቸው። አባትና እናት፣ ታላላቅ ልጆችና ግልገሎች አብረው ይዋኛሉ፣ አብረው ይበላሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ከቀረ ሌሎቹ አንገታቸውን ከውሃው አውጥተው ይጣሩታል።

እንግዶች ሦስት ሌሊት ያድራሉ። ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተቀስቅሰው ቦቲ ጫማ ያደርጋሉ፣ ጀልባ ላይ ይወጣሉ፤ ማታ ደግሞ የእንስሶች ስም የታተመበት ወረቀት ይዘው ያዩትን ምልክት ያደርጋሉ። አስጎብኚውን «ንስሩ» ይሉታል። ሃያ ዓመት በዚህ ሐይቅ ላይ ሲሠራ ያልታየውን ታየ ብሎ አያውቅም። አንድ ቱጃር እንግዳ ነብር አየሁ ብሎ ምልክት ሊያደርግ ሲል «ያዩት ጉቶ ነው» ብሎ እርሳሱን ከእጁ እንደወሰደበት ዛሬም ድረስ እየተሳቀ ይወራል።

በዚያ ሳምንት ሰባት እንግዶች መጡ። ስድስቱ ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ ጫጫታ ናቸው፣ ገና ከጀልባ ሳይወርዱ ተዋውቀዋል። ሰባተኛው ብቻውን የመጣ፣ ስድሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነው። አዲሱ ቦቲው ላይ የዋጋው ክር ተንጠልጥሏል። ማታ ሁሉም ራሱን ሲያስተዋውቅ ተራው ደረሰውና «እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ» ብሎ ተቀመጠ። ከእንግዶቹ አንዱ «ሕንፃው ነዎት ወይስ ሠራተኛው?» ብሎ ቀለደ፤ ሰውየውም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ዝምተኛው ተባለ። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እሱንም ሰው ሁሉ ከተነሣ በኋላ አስጎብኚው ዘንድ ቀረብ ብሎ፣ «የውሃ ውሾቹ ልጆቻቸውን ሲያበሉ ማየት ይቻል ይሆን?» አለ፤ የማይገባውን የጠየቀ ይመስል አንገቱን ሰበር አድርጎ።

አስጎብኚው ሰውየውን ወደደው። ነገሩን ሁሉ ያመጣው ይኸው መውደዱ ነው።

በማግስቱ ሰባቱንም በመቅዘፊያ ጀልባ ወደ ማዶ ወሰዳቸው። ማዶ ትልቅ ማማ አለ፤ በምሰሶ ላይ የቆመ፣ ሣር የለበሰ፣ አሥር ሰው የሚይዝ መቀመጫ። ከዚያ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ርቆ፣ የውሃ ውሾቹ ጉድጓድ ካለበት ጠባብ ውሃ ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ ማማ አለ። እንግዳ ብቻውን አይቀመጥም የሚል ደንብ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። የለጠፈውም አስጎብኚው ራሱ ነው።

ትልቁ ማማ ላይ ግን አንዷ ከረሜላ ትፈታለች፣ ባሏ ካሜራውን ያንቋቋል፣ ሌላው አፍንጫው ታፍኖ ያነጥሳል። በዚህ ሁካታ መሃል ዝምተኛው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ባዶውን ውሃ ያያል። አስጎብኚው አንጀቱ አልችል አለ። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ትከሻውን ነካ አድርጎ አስነሣው፤ በጭቃው ጫፍ ጫፍ መርቶ ትንሹ ማማ ላይ አወጣው።

«እኔ ራሴ መጥቼ እስክወስድዎ ድረስ ንቅንቅ እንዳይሉ» አለው በሹክሹክታ። «ድምፅም አያሰሙ። ሰው መኖሩን ካወቁ ግልገሎቻቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ወር ሙሉ አይመለሱም።»

«እሺ» አለ ዝምተኛው። ከአለቃው ትእዛዝ እንደሚቀበል ሰው ነበር ያለው። ፊቱ ግን በርቶ ነበር።

አስጎብኚው ወደ ትልቁ ማማ ተመልሶ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ካሜራ የያዘው እንግዳ የካሜራውን ማቆሚያ ከፍ ሲያደርግ ጣራው ሥር የነበረ የተርብ ቤት መታ። ተርብ ሲነሣ ያየ ያውቀዋል። የሰውየው ሚስት ጮኸች፤ አስጎብኚው ሸሚዙን አውልቆ ፊቷ ላይ ጣለላትና በሰውነቱ ከለላት። እሷን አንዲት ተርብ እንኳ አልነካቻትም። እሱን አንገቱን፣ ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ ለመጮህ የከፈተውን አፉን ሳይቀር ነደፉት። ሌላው እንግዳ የእጅ ሬዲዮውን አንሥቶ ወደ ማረፊያው ተጣራ።

ሞተረኛው በሩብ ሰዓት ደረሰ። ወንድሙ የማማው ሥር ተዘርግቷል፤ ፊቱ የሰው ፊት አይመስልም፣ ትንፋሹ ያፏጫል።

«ጋሼ! ስንት?» ብሎ ጮኸ ሞተረኛው፤ ሰው ከማንሣት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነውና።

አስጎብኚው «ሰባት» አለ። ሌላም ሊል ምላሱን አንቀሳቀሰ፤ ምላሱ ግን አፉን ሞልቶት ነበር። እጁን አንሥቶ ወደ ትንሹ ማማ ጠቆመ፤ ሞተረኛው ተርቦቹን ያሳየው መሰለው። ከዚያ ራሱን ሳተ።

የሁለቱ ወንድማማቾች አቆጣጠር ለየቅል ነበር። በማረፊያው የታወቀ ቀልድ ነው። አስጎብኚው የሚቆጥረው አደራ የተቀበላቸውን ብቻ ነው፤ እሱ ራሱ ደን ውስጥ ስለማይጠፋ ቁጥር ውስጥ አይገባም። የእሱ አነጋገር «ሰባት ናቸው» ነው። ሞተረኛው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው የሚያሻግር ጀልባ ላይ ያደገ ነው። ጀልባ አስጎብኚና እንግዳ አይለይም፤ የሚሸከመው ነፍስ ነው። የእሱ አነጋገር «ሰባት ነን» ነው። ምግብ አብሳይዋ ስንት ሳህን ላቅርብ ብላ ስትጠይቃቸው አንዱ ስድስት ሌላው ሰባት እያሉ ሲከራከሩ «አንድ እናት አይደለችም የወለደቻችሁ!» ትላቸው ነበር። በዚያች ሰዓት «ነን» ወይ «ናቸው» የምትለዋ ጭራ ብትኖር ኖሮ ሰው ባልሞተ ነበር። ከአስጎብኚው አፍ የወጣው ግን «ሰባት» ብቻ ነው።

ማለዳ እንግዶቹ ሲሻገሩ አልነበረምና ስንቱ እንደሄደ፣ ስንቱ ጎጆው እንደቀረ ሞተረኛው አያውቅም። ቆጠረ። ስድስት እንግዶች፣ አንድ የተዘረጋ ወንድም። ሰባት። ደግሞ ቆጠረ። ሰባት። የመቅዘፊያ ጀልባውን ከኋላ አስሮ ሞተሩን አስነሣ።

ከስድስቱ እንግዶች አንዱስ እንዴት አላስታወሰም? ኋላ ሲጠየቁ አንዷ «ቀድሞ የተመለሰ መስሎኝ» አለች። ሌላው «እውነቱን ልንገርህ፣ ጨርሶ ትዝ አላለኝም» አለ። ሰው እንዲህ ነው። የሚጮኸውን ያስታውሳል፤ ዝም ያለውን እንደ ወንበር ያልፈዋል።

ሞተረኛው እንግዶቹን አራግፎ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ወንድሙን በወንዙ ቁልቁል የሦስት ሰዓት መንገድ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዞት በረረ። ወዲያው ዝናብ ጣለ። ያን ቀን የዘነበው ዝናብ ዝናብ አይባልም፤ ሰማይ ተቀዶ ነው። እንግዶቹ ከየጎጆአቸው መውጣት አቃታቸውና እራት በየበራቸው በትሪ ተቀመጠላቸው። ዝምተኛው በር ላይም ትሪ ተቀመጠ። ጠዋት ምግብ አብሳይዋ ትሪዎቹን ስትሰበስብ የእሱ እንደተከደነ ነው፤ ጉንዳን ሸፍኖታል። በሩን ብትገፋው አልጋው አልተነካም። ሥራ አስኪያጁ ሰው ሰብስቦ በየጎጆው ማስፈለግ ጀመረ፤ ማዶ የሚያሻግር ሞተር ግን አልነበረም፤ የሞላውን ሐይቅ በመቅዘፊያ ጀልባ የሚደፍርም አልተገኘም።

በዚያው ሰዓት አስጎብኚው ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ዓይኑን ገለጠ። ወንድሙ አጠገቡ ሰገራ ላይ አንቀላፍቷል።

«ዝምተኛው አየ?» አለ አስጎብኚው። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። «ግልገሎቹን አየ?»

«ማን ዝምተኛ?»

«ሰውየው ነዋ። ከትንሹ ማማ ያመጣኸው።»

«ከትንሹ ማማ ማንንም አላመጣሁም» አለ ሞተረኛው። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣ። «ጋሼ፣ ሰባት አላልከኝም? ስድስት እነሱ፣ አንተ ሰባት።»

«ሰባት ናቸው!»

«ሰባት ብቻ ነው ያልከኝ። ሰባት ብቻ!»

የክንዱ መርፌ ተነቅሎ መሬት ላይ ቀረ። ሦስቱን ሰዓት በሁለት ሰዓት ጨረሱት። ማረፊያው ሲደርሱ ምግብ አብሳይዋ መሰላሉ ላይ ቆማ እጇን ስታወራጭ አዩ፤ አልቆሙም፣ አልፈዋት ወደ ማዶ ሄዱ። መንገዱ በውሃ ተውጧል። አስጎብኚው እስከ ደረቱ እየገባ፣ እየዋኘ፣ ወንድሙ ከኋላው እየተከተለ ደረሱ።

ዝምተኛው ማማው ላይ ነበር። ጣራው በነፋስ ተገንጥሎ ሄዷል። ሰውየው ነፋሱ እንዳይጥለው ቀበቶውን ፈትቶ ደረቱን ከምሰሶው ጋር አስሯል፤ የሩቅ ማያ መነጽሩን ከሸሚዙ ውስጥ አድርጎ አቅፎታል። ፊቱ ወደ ጉድጓዱ ነው። የተባለበት ቦታ፣ እንደተባለው።

አስጎብኚው እጁን በሰውየው ብብት ውስጥ ሰደደ። ሞቅ ይላል። ገና ሞቅ ይላል! ነግቶ ነው የሞተው ማለት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጠብቆ፣ ነግቶ። አስጎብኚው እዚያው ማማው ላይ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ቀበቶውን የፈታው ወንድሙ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ተረቱን ያዘጋጀው በዚያው ከሰዓት ነው። ሬሳው የት እንደተገኘ ከሁለቱ ወንድማማቾች በቀር ያየ የለም። ሬሳው ታጥቦ ጤና ጣቢያ ሲደርስ የሞት ማስረጃው ላይም እሱ ያለው ተጻፈ። ወንድማማቾቹ ያኔ አፋቸው ተሳስሮ ነበርና አልተቃወሙም።

ልጂቱ በስድስት ሰዓት መጣች። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። የከተማ ጫማ ነው ያደረገችው፤ ምግብ አብሳይዋ ቦቲ አምጥታ ራሷ አጠለቀችላት። ሥራ አስኪያጁ ተረቱን ነገራት፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ አንድም ቃል ሳይስት። ልጂቱም ሲጨርስ «ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። ሥራ አስኪያጁ ወደ አስጎብኚው አየ፤ አስጎብኚው መሬት መሬቱን አየ።

ሦስት ሆነው ተሻገሩ። ሞተሩ ስለሚጮህ መነጋገር አልተቻለም። አስጎብኚው ቃላቱን በልቡ ደረደራቸው። «እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። እኔ ነኝ ንቅንቅ አይበሉ ያልኳቸው።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ናቸው። ከዚያ በኋላ የፈለገችውን ታድርገው።

ትልቁ ማማ ሥር ሞተሩ ጠፋ። ወንድሙ ጀልባው ውስጥ ቀረ፤ ገመዱን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እየጠበቀ። አስጎብኚው ልጂቱን እጇን ይዞ አወረዳት።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ እፈልጋለሁ።»

«ጋሼ፣ እኔ ላስቀድም። ካላስቀደምኩ አልችልም» አለች። «ሰውየው አባቴ በገዛ ፈቃዱ ከማማው ወረደ ያሉት እውነት ነው?»

አስጎብኚው አፉን ከፈተ።

«አባቴን አያውቁትም» ብላ ቀጠለች ልጂቱ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ተነሥ ካላሉት አይነሣም። እናቴ ሆስፒታል ገብታ ‹እዚህ ኮሪደር ላይ ይጠብቁ› አሉት። እሷ ውስጥ ሆና ስሙን ትጠራለች። ነርሷ ናት የነገረችኝ፤ እስከ መጨረሻው ስትጠራው ነበር። እሱ በር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በሩ እኮ አልተቆለፈም! ‹ለምን አልገባህም?› ስለው ‹ጠብቅ አሉኝ› አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደህና ቃል አልተናገርኩትም። ‹ጠብቅ አሉኝ›!»

እንባዋ ወረደ፤ ፊቷ ግን የለቅሶ ፊት አልነበረም።

«ትናንት በስልክ ‹እንስሶቹን ተከትሎ፣ የተባለውን ትቶ ወረደ› ሲሉኝ፣ ጋሼ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አንድ ቀን! አንድ ቀን እንኳ ልቡ ያለውን አደረገ አልኩ። ይቅር አልኩት። እዚያው ስልኩን እንደያዝኩ ይቅር አልኩት። ግን ሰዎች ለማጽናናት ይዋሻሉ። እርስዎ ዓይንዎ የማይስት ሰው ነዎት አሉኝ። በእውነት ወርዷል?»

ጀልባው ውስጥ ታናሽየው ቀና አለ።

አስጎብኚው ልጂቱን አያት። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ምላሱ ላይ ነበሩ። አንዱን ቢጥል አባቷን እንደገና ኮሪደሩ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለዘለዓለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወዲህ አይመለስም። ምላሱ እንደዚያን ቀን አሁን ባበጠ ብሎ ተመኘ።

«ወርደዋል» አለ።

«በራሱ?»

«በራሳቸው። ማንም አላላቸውም።»

ልጂቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ቆይታ «አሳዩኝ» አለች። «በየት ሄደ? አንድ በአንድ አሳዩኝ።»

አስጎብኚውም አሳያት። ወደ ትንሹ ማማ የሚወስደውን መንገድ ለጀርባው ሰጥቶ በተቃራኒው መራት። ሃያ ዓመት ዱካ ሲያነብ የኖረ ሰው ነውና ዱካ መፍጠር አልከበደውም፤ ያሳፈረውም አለመክበዱ ነው። «እዚህ ጋ ቆም ብለዋል፤ ተረከዛቸው ጠልቆ ነበር፣ ዝናቡ ነው ያጠፋው። እዚህ ቅጠሉን በእጃቸው ገለጥ አድርገዋል። እዚህ ደግሞ ጎንበስ ብለዋል፤ ከዚህ ጎንበስ ካላሉ ውሃው አይታይም።» ልጂቱ ቆም ብለዋል ባለበት ትቆማለች፣ ጎንበስ ብለዋል ባለበት ትጎነበሳለች፣ ቅጠሉን ትገልጣለች።

«አያቸው?»

«አይተዋል።»

«ልጆቻቸውን ሲያበሉ?»

«ሲያበሉ። እናትየዋ አሣውን አፏ ላይ ይዛ ትመጣለች፤ ግልገሎቹ እየተንጫጩ ይነጥቋታል። ሦስት ናቸው።»

ልጂቱ ሳቀች። ከእንባዋ ጋር ተደባልቆ ከደረቷ የወጣ ሳቅ ነበር፤ አስጎብኚውን ከተርቡ ይልቅ ያ ሳቅ ነደፈው።

ሥሩ ከመሬት በላይ ወጥቶ እንደ አግዳሚ የተዘረጋ ትልቅ ዛፍ ጋ ሲደርሱ ቆመ። «እዚህ ነው» አላት። «እዚህ አረፍ ብለው ነው። ሳይደክሙ አልቀረም። እንቅልፍ ነው የወሰዳቸው።»

«ፈርቶ ነበር?»

«አልፈሩም።»

ሥሩ ላይ ተቀመጠች። በመዳፏ እንጨቱን ዳበሰችው፤ የሰው ትከሻ እንደሚዳበስ። ከዚያ ተደፍታ «አባዬ» አለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ያላለችውን ያህል ደጋግማ። አስጎብኚው ቆሞ ጠበቃት። ያ ሰው በሕይወቱ ረግጦት የማያውቅ መሬት ነበር።

ሲመለሱ ክንዱን ይዛ ነው የሄደችው። «በየዓመቱ በዚህ ቀን እመጣለሁ» አለችው። «አንድ ልጅ አለኝ፤ ነፍስ ሲያውቅ እሱንም አመጣዋለሁ። ሌላ አስጎብኚ አልፈልግም። እርስዎ ነዎት የሚያሳዩን፤ ልክ እንደ ዛሬው፣ የቆመበትን፣ የጎነበሰበትን፣ ሁሉንም።»

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ይህን ያለ ሰው በየዓመቱ ያንኑ ሐሰት ተሸክሞ ያንኑ መንገድ አልሄደም።

«እሺ ልጄ» አላት።

ታናሽየው ጀልባው ውስጥ ተነሥቶ ቆሟል። ከሩቅ የወንድሙን ፊት እያነበበ ነው፤ ስድብም ይሁን ጥፊ ለመቀበል ራሱን አዘጋጅቷል። ልጂቱ ጀልባው ላይ እንደወጣች እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ወንድሜ፣ አባቴ በራሱ ነው የወረደው!» አለችው። «ሰምተሃል? በራሱ!»

ታናሽየው ወንድሙን አየ። ታላቅየው የጀልባውን ወለል አየ።

«አዎ» አለ ታናሽየው። «ሰምቻለሁ።»

ከዚያ ዞሮ የሞተሩን ገመድ ሳበ።